የእናቴን ጥርስ ያወለቀችው በቅሎ

ማክሰኞ፣ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል፣ አዲስ አበባ

ወደ ወሎ የምሄደው ዘመድ ልጠይቅ ነው ብዬ ለጎረቤቱ ሁሉ ተናግሬ ነበር። ውሸት ነው። የሄድኩት የባሌን ዘመዶች ጥርስ ለማየት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የአሥራ ሦስት ዓመቷ ልጄ ሐያት የታችኛው የፊት ጥርሷ መነቃነቅ ጀመረ። የወተት ጥርሷን ከጨረሰች ቆይታለች። እኔ ደግሞ ጥርሷን አትቦርሽም ብዬ ደመደምኩ። ሦስት ወር ሙሉ ጠዋትና ማታ የመታጠቢያ ቤቱ በር ላይ እየቆምኩ፣ ብሩሹ መርጠቡን በጣቴ እየነካሁ፣ ከረሜላ ደብቃ እንደሆነ ቦርሳዋን እየበረበርኩ ኖርኩ። አንድ ቀን እንዲያውም ጓደኞቿ ፊት አፏን አስከፍቼ አይቻለሁ። እሷ «ቦርሻለሁ» ትላለች፣ እኔ አላምንም። ሥራዬ ልብስ ፋብሪካ ውስጥ የስፌት ጥራት መቆጣጠር ነው፤ እንጀራዬን የምበላው ጉድለት ፈልጌ ነው። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባል የለ!

የጥርስ ሐኪሟ ራጅ ካነሳቻት በኋላ እኔን ለብቻዬ አስገባችኝ። «የልጅዎ አፍ ንጹሕ ነው» አለችኝ። «የበሰበሰ ጥርስ የለም። ችግሩ ከሥር ነው። ጥርሱን ይዞ የሚያቆመው አጥንት በፊት ጥርሶቿና በመንጋጋዎቿ ዙሪያ እየሟሸሸ ነው። በዚህ ዕድሜ፣ በንጹሕ አፍ እንዲህ ሲሆን ብዙ ጊዜ በቤተሰብ የሚሄድ ነገር አለበት። ከዘመዶቻችሁ በወጣትነቱ ጥርሱ የረገፈ አለ?»

መጀመሪያ የጠረጠርኩት ሐኪሟን ነው። ሌላ ክሊኒክ ወሰድኳት፣ እዚያም ያንኑ ነገሩኝ። ቀጥሎ ባሌን እንድሪስን ጠረጠርኩ። እሱ ደግሞ ጣቱን ወደ እኔ ቀሰረ። እኔ ሠላሳ ሁለቱም ጥርሴ በቦታው አለ። በእኛ ቤት የፊት ጥርስ ያልነበራት ሟች እናቴ ብቻ ናት፤ እሷንም በወጣትነቷ በቅሎ ረግጣት ነው። ስለዚህ ነገሩ ከእነሱ ዘር ነው አልኩ። ሐኪሟ ሕክምናውን ጀምራለች። የማን ዘር እንደሆነ ብናውቅ ሌሎቹንም ልጆች ሳይረፍድባቸው ማየት ይቻላል ብላኛለች። እኔ ግን እውነቱን ልናገርና፣ የምፈልገው ጥፋተኛ ነበር።

አውቶቡሱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ተነሳ። ጣርማ በር ላይ ብርዱ በመስኮቱ ስንጥቅ እየገባ ገረፈን፤ ሸዋ ሮቢት ስንደርስ ሹራባችንን ሁሉ አወለቅን። ከሚሴ ላይ ሙዝ ገዛሁ፤ ሻጯ ፈገግ ስትል ጥርሷን ቆጠርኩ። ኬላ በደረስን ቁጥር እየወረድን ተፈተሽን። አንዱ ፈታሽ ሲያዛጋ እንኳ ዓይኔ አፉ ውስጥ ነበር። ከኮምቦልቻ በሐረጎ ጠመዝማዛ ወደ ደሴ ስንወጣ ፀሐይዋ እያዘቀዘቀች ነበር። የያዝኩት አልጋ አንሶላው ንጹሕ ይመስላል፤ ቢሆንም ነጠላዬን አንጥፌበት ተኛሁ።

ረቡዕ፣ ሐይቅና ውጫሌ

ከደሴ የተሳፈርኩበት ሚኒባስ ሐይቅ ከተማ ላይ ግማሹን ሰው አወረደና ሌላ ሰው እስኪሞላለት ቆመ። ረዳቱ «አሥር ደቂቃ» አለ። አሥር ደቂቃው አንድ ሰዓት እንደሚሆን ስላወቅሁ ምሳዬን ልበላ ወረድኩ። ውኃው ከታች ሰማያዊ ሆኖ ተኝቷል፤ ዳር ዳሩን ሸምበቆው፣ ከሸምበቆው ጀርባ የሽንኩርትና የበቆሎ ማሳው። ዓሣ የሚጠብሰው ሰውዬ ከውኃው በዛሬው ጠዋት የወጣ ነው ቢለኝ ዓይኑን አሳየኝ አልኩት።

«የኔን ዓይን ወይስ የዓሣውን?» አለኝ።

«የሁለታችሁንም።»

ሳቀና የሚጠበሰውን ዓሣ አቀረበልኝ። ዓይኑ የጠራ ነበር። ከነድፍኑ ጠብሶ በዳጣ አመጣልኝ፣ ሁለት መቶ ሃምሳ ብር። አጥንቱን እየለቀምኩ ስበላ ሰውዬው ከየት እንደመጣሁ፣ የት እንደምሄድ፣ የማን ልጅ እንደሆንኩ ጠየቀኝ። የእናቴ አገር ከዚህ አንድ እርምጃ፣ አርዲቦ የምትባለው ውኃ አጠገብ ነው። ያን ግን አልነገርኩትም። የመጣሁት ለባሌ ዘመዶች፣ ለአምባሰሎቹ ነው።

ውጫሌ ከቀትር በኋላ ደረስኩ። ገበያው እየተበተነ፣ አህዮች ባዶ ጆንያ ጭነው እየወጡ ነበር። ባጃጁ እስከ አስፋልቱ ጫፍ ወሰደኝ፤ ከዚያ ወዲያ በእግር ሽቅብ ነው። የባሌ አጎት አያ ይማም የሚኖሩት ገደሉ ሥር፣ ንብ በሚያረቡበት ጓሮ አጠገብ ነው። ዕድሜያቸውን ራሳቸውም አያውቁት፣ ሰማንያ ሳይሞላቸው አይቀርም።

«አሰላሙ አለይኩም! የእንድሪስ ሚስት! ኸይር ነው?»

«ኸይር ነው፣ አልሐምዱሊላህ። ናፍቃችሁኝ ነው።»

የመጣልኝ ማር ከነሰፈፉ ነበር፣ አጠገቡ የተጠበሰ የበቆሎ እሸት። ጥቅምት ስለሆነ ቤቱ ሁሉ እሸት እሸት ይሸታል። አያ ይማም ሰፈፉን አላመጡና እሸቱን በፊት ጥርሳቸው ከራስ እስከ እግሩ ላጡት። እኔ እየበላሁ ቆጠርኩ፤ ከላይ ሁሉም አለ፣ ከታች አንድ መንጋጋ ብቻ ጎድሏል። ወንድማቸው መጣ፣ ያው ነው። ልጆቻቸው መጡ፣ ያው። አንዲት የልጅ ልጅ ጥርሷ ተቦርብሯል፤ እሷ ደግሞ ጉንጯን ሞልታ ከረሜላ ይዛለች። ያ ሌላ ነገር ነው። የሐያት ዓይነት የለም። ቅር አለኝ። የሰው ጤና ሲያስከፋኝ ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነው።

«አያ ይማም፣ ጥርስዎ ምን ያማረ ነው! ምን ቢያደርጉት ነው?»

«ምን አደርገዋለሁ? ማር እበላለሁ፣ ሲያሻኝ በመፋቂያ እፍቀዋለሁ፣ ሲያሻኝ እተወዋለሁ። አባቴም ከሁሉም ጥርሱ ጋር ነው የተቀበረ። ዘር ከልጓም ይስባል አሉ!»

ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ኋላ ወደ እናትሽ እህት ወደ ዘሀራ ታልፊያለሽ አይደል? ልጇን ከድጃን የእኛ ሰፈር ሰዎች ለልጃቸው ፈልገዋታል። ለእሁድ ሽማግሌ ይሄዳል። ዘራቸውን አጣራልን ብለውኛል፤ አንቺ ለሁለታችንም ቅርብ ነሽ። ልጅቱን አይተሽ አንድ ነገር ትይኛለሽ፣ ኢንሻአላህ።»

በእኛ አገር እንዲህ ነው። ልጅ ለጋብቻ ከመጠየቋ በፊት ሁለቱንም ወገን የሚያውቅ ሰው ተፈልጎ በለሆሳስ ይጠየቃል፤ ሥጋ ደዌ አለ ወይ፣ የሚጥል በሽታ አለ ወይ፣ ሰው የሚያማው ነገር አለ ወይ ይባላል። የኔን እናት ዘር እኔው እንዳጣራ መጠየቄ አስቆኝ «እሺ» አልኩ። አንድ ኪሎ ማር አስጨበጡኝ።

ሐሙስ፣ አርዲቦ

ከሐይቅ ወደ አርዲቦ በባጃጅ ስወጣ መንገዱ ድንጋይ በድንጋይ ነው፤ ማሩን ጭኔ ላይ ይዤ ነበር። አርዲቦ ከሐይቅ ያነሰች ናት፣ ኮረብታዎች መካከል ገብታ የተቀመጠች። ጤፉ መቅላት ጀምሯል። የአክስቴ ቤት ከውኃው በላይ፣ ቁልቋሉ አጥር ጋ ነው። ከሰባት ዓመት በፊት ለልቅሶ ነበር የመጣሁት።

አክስቴ ዘሀራ አቅፋ ሳመችኝና «ሆድዬ! የእህቴ ልጅ!» እያለች አስገባችኝ። ማሩን ሳወጣ ግን እጇ ቆመ።

«ከየት ነው ማሩ?»

«ከውጫሌ። አያ ይማም ጋ አድሬ ነው።»

«ይማም ጋ» አለች ቀስ ብላ። «ማን ላከሽ?»

«ማንም አልላከኝም፣ እትዬ። ወላሂ።»

ግማሽ ውሸት ነበር፣ እሷም ገባት። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ያ ቤት ለእኔ ሌላ ቤት ሆነ። ከድጃን ስጠይቅ «ውኃ ልትቀዳ ሄዳለች» ተባልኩ፤ ጄሪካኖቹ ግን ሁሉም ሞልተው በሩ ሥር ተደርድረዋል። የአጎቶቼ ልጆች ተጠርተው መጡ፤ የመጡት በሙሉ ጥርሰ መልካሞች ናቸው፣ ያለ ምክንያት ይስቃሉ። አክስቴ ራሷ የላይኛው ረድፏ ሰው ሠራሽ ነው። ሳልጠይቃት ምንጭ ስትወርድ አዳልጧት ድንጋይ እንደመታት ነገረችኝ። የአያቴም ጥርስ የወለቀው በሬ ወግቶት ነው አለችኝ። የመካከለኛውን አጎቴን የካብ ድንጋይ። እናቴን በቅሎ። ይህ ቤተሰብ ከከብትና ከድንጋይ ጋር ነው እንዴ ጦርነት የገጠመው ብዬ ምላሴን ነከስኩ። ሁሉም አደጋ አፍ ላይ ነው፤ እጅ የተሰበረ፣ እግር የተሰበረ አንድም የለም።

ወደ ማታ እራት ላይ ከድጃ መጣች። ሃያ ዓመቷ ነው፣ ረጅምና ጸጥተኛ። ሻሿን እስከ ከንፈሯ ስባዋለች። እሸት ታደለን። ሁሉም በጥርሱ ሲግጥ እሷ ፍሬውን አንድ በአንድ በጣቷ እየፈለፈለች ወደ ጎን መንጋጋዋ ትወረውራለች። ሐያትም ባለፈው ወር ብስኩት የበላችው እንደዚህ ነው፣ እየቆረሰች፣ በጎን። እኔ ያኔ «ስትቀብጪ!» ብያት ነበር።

አክስቴ ከሶላት በፊት ጓሮ ወጥታ መፋቂያዋን ይዛ ቆየች። ከድጃም ወጣች። ዓይኔን ከበሩ አልነቀልኩም። ልጆቹ እንደነገሩኝ ለአምስቱም ሶላት ነው የሚፍቁት፣ አንዱንም አይዘሉም።

ዓርብ፣ የበቅሎዋ ነገር

ጠዋት ማዶ ያሉትን ጎረቤት እማማ ጥሩነሽን ልጠይቅ ሄድኩ። ክርስቲያን ናቸው፤ ከአያቴ ቤት ጋር ልቅሶውንም ሠርጉንም ሲካፈሉ የኖሩ። እናቴን በልጅነቷ የሚያውቁ ከቀሩት አንዷ ናቸው። ጎመን እየቀነጠሱ ነበር፤ ተቀምጬ አብሬ ቀነጠስኩ።

«እማማ፣ እናቴን ያቺ በቅሎ ስትረግጣት አይተው ነበር?»

«የምን በቅሎ?»

«የአያቴ በቅሎ።»

ጎመኑን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው ሳቁ። «አያትሽ በቅሎ? ኧረ ልጄ! አህያ እንኳ ሲያሻው ከእኛ ነበር የሚዋስ! በዚያ ቤት በቅሎ ገብታም አታውቅ።»

ክው አልኩ። አርባ ዓመት ያህል ያቺን በቅሎ አውቃታለሁ። ቀለሟን ሳይቀር ነግረውኛል፣ ዳማ ነበረች። ሰው ሁሉ ይዋሸኛል ብዬ የምጠረጥር ሴትዮ፣ ያቺን አንዲት በቅሎ ግን አንድ ቀን ጠርጥሬ አላውቅም።

ኮረብታው ላይ ኔትወርክ ስላለ ወጥቼ ለሐኪሟ ደወልኩ። የከድጃን ነገር ነግሬያት፣ የእኔ ጥርስ ደኅና ከሆነ ከእኔ እንዴት ይሆናል አልኳት። «ሊሆን ይችላል» አለችኝ። «አንዳንዱ ሰው ራሱ ሳይታመም ለልጁ ያስተላልፋል። ዘር ብቻውን ደግሞ አይወስንም፤ ጀርሙም አለ፣ አያያዙም አለ። ግን እንዲህ ያለ ድድ የያዘ ሰው እንደሌላው ሰው ቢያጸዳም አይበቃውም፣ በየጥቂት ወሩ ሐኪም ከድዱ ሥር ማጽዳት አለበት። ያቺ ልጅ ሃያ ዓመቷ ነው ካሉ ዛሬ ነገ አይበሉ።»

ወንዶቹ ለጁምዓ መስጊድ እንደሄዱ አክስቴን ጓሮ አገኘኋት።

«እትዬ፣ በቅሎ አልነበረም።»

ፊቷ ተለዋወጠ። «ይማም ነው የላከሽ! ብያለሁ! የልጄን እንጀራ ልትዘጊ ነው የመጣሽው። ዘራቸው አፈ ቆሻሻ ነው ብለሽ ልትነግሪያቸው!»

«ሐያትን ይዟታል» አልኳት።

ዞራ አየችኝ።

«ልጄን ይዟታል፣ እትዬ። በአሥራ ሦስት ዓመቷ። ጥርሷን አትታጠብም ብዬ ሦስት ወር ሙሉ ሳሰቃያት ከረምኩ። የመጣሁት ለማንም አይደለም፣ ለእሷ ነው።»

አክስቴ መሬቱ ላይ ቁጭ አለች። መፋቂያዋን በሁለት ጣቷ ማዞር ጀመረች።

«እናትሽ በሃያ ሁለት ዓመቷ ነው የረገፈባት» አለች። «አንቺ ጡት ላይ ነበርሽ። አራቱ በአንድ ዓመት። ሰው ምን አለ መሰለሽ? አፏን አትታጠብም፣ ሸታታ ናት አለ። እሷ! በቀን አምስቴ ስትፍቅ ድዷ እስኪደማ! የባሏ እናት አብሬ አልበላም አለች። ያኔ ነው አባታችን በቅሎ ረገጣት በሉ ያለ። እኛም አልን። እያደር እኛም አመንን መሰለኝ። በኔ ሲመጣ ደግሞ በቅሎ ሁለቴ አትረግጥም፣ ድንጋይ አልን።»

አለቀስኩ። እናቴ የሞተችው ዘጠኝ ዓመት ሲሆነኝ ነው፤ የማስታውሳት አፏን በነጠላዋ ጫፍ ይዛ ስትስቅ ነው። ጨዋነቷ ነው እያልኩ ስኮራባት ኖሬአለሁ። ሐፍረት መሆኑን ያን ቀን ነው ያወቅሁት።

ከድጃ ከኋላችን ቆማ ኖሯል። «እናቴ፣ እኔ ሐኪም ዘንድ እታያለሁ» አለች። «ሁለቱ ይነቃነቃሉ። ሌሎቹንም ቁጭ ብዬ አልጠብቃቸው።»

«ለእሁድ ሽማግሌ እየመጣ?»

«ነገ ሄደን ነገ እንመለሳለን።»

አክስቴ አላለቀሰችም፣ እሺም አላለች። ተነስታ ለሶላት ወዱዋን ታጠበችና ገባች።

ቅዳሜ፣ ደሴ

ለሰፈሩ የሠርግ ልብስ ልናይ ነው ተባለ። ይህን ያለችው አክስቴ ናት፤ ጠዋት ባጃጅ ጠርታ እኛን ሳትጠይቅ ለነጂው ነገረችው። ደሴ ያለው የጥርስ ሐኪም ጠና ያለ ሰው ነው። በመጀመሪያ እሱንም ጠረጠርኩት፣ ግን ጣቱ ለስላሳ ነበር፤ ከድጃ አንድ ጊዜም «አህ» አላለችም። ራጁን መስኮቱ ላይ ይዞ አሳየን። ሁለቱ የታችኛው የፊት ጥርሶች አይተርፉም ይሆናል አለ። የቀሩት ክትትል ካለ ይቆያሉ። ከድዱ ሥር የሚጸዳውን ግማሹን ያኑ ዕለት ሠራላት፣ መድኃኒት ጻፈላት፣ ለሚቀጥለው ሳምንት ቀጠራት።

ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ ጥጥ ነክሳ ሳለች ስልኬ ጮኸ። አያ ይማም ናቸው።

«እህ፣ አየሻት? ምን ልበላቸው? ሰዎቹ እዚሁ ተቀምጠዋል።»

ደኅና ናት ብል አያቴ የፈጠራትን በቅሎ እኔም ኮርቻ እንደጫንኩላት ነው። እውነቱን ብናገር ደግሞ የልጅቱን ትዳር በአንድ ቃል መቁረጤ ነው። ከድጃ ፊቴን አይታ ስልኩን ከእጄ ወሰደች። ጥጡን ተፋች።

«አሰላሙ አለይኩም፣ አያ ይማም። ከድጃ ነኝ። የኔን ጉዳይ እኔ ልንገርዎ። ድዴ ታሟል፣ በዘራችን አለ። ቆሻሻ ስለሆንኩ አይደለም። ዛሬ ታክሜአለሁ፣ ገናም እታከማለሁ። ልጅ ብወልድ ልጁንም ከሕፃንነቱ አሳያለሁ። ይህን ሰምተው የሚመጡ ከሆነ ይምጡ። የእንድሪስን ልጅ ሐያትንም ይዟታል፣ የእርስዎም ሥጋ ናት።»

አያ ይማም «አብሽሪ ልጄ፣ አይዞሽ» አሉና ዘጉት። ስልኬን መለሰችልኝ። ሻሿን ግን ወደ ከንፈሯ አልሳበችውም።

እሁድ፣ መመለስ

መኪናው ኮምቦልቻን እንዳለፈ ከድጃ ደወለች። ሽማግሌዎቹ ዛሬ እንደማይመጡ ልከዋል። «እናስብበት» ብለዋል። በእኛ አገር «እናስብበት» አንዳንዴ ማሰብ ነው፣ አንዳንዴ መቅረት ነው። እናቷ ከጠዋት ጀምሮ አላናገረቻትም፤ የኔንም ስልክ አታነሳም። ልክ ነበርኩ ወይ ብዬ እስከ ደብረ ብርሃን ራሴን ጠየቅሁ። ይህን ስጽፍም የከድጃ ነገር አልለየለትም፤ ለቀጠሮዋ ግን ብቻዋን ደሴ ሄዳለች።

ከዚህ ጉዞ የተማርኩት ብዙ አይደለም። ጥፋተኛ ፍለጋ አገር አቋርጬ ራሴን ይዤ ተመለስኩ። ደግሞም ጥፋተኛ የሚባል አልነበረም፤ ዘር ማንም መርጦ አይወስደውም። ጥፋቱ ሌላ ቦታ ነው። ንጹሕን ልጅ ቆሻሻ ያልኩት እኔ ነኝ፤ እናቴን እንዲያ ካሏት ሰዎች በምን እለያለሁ?

ቤት ስደርስ እንድሪስ በሩ ላይ «እህሳ፣ ከማን ነው?» አለኝ። መልሴን ሳልሰጠው ወደ ሐያት ክፍል ገባሁ። አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጥኩና ሁሉንም ነገርኳት፤ የአያቷን አራት ጥርስ፣ የከድጃን፣ የመፋቂያውን። በመጨረሻም «ከኔ ነው የመጣብሽ» አልኳት። «አንቺ ስትቦርሺ ነበር። እኔ ነኝ ያላመንኩሽ። ጓደኞችሽ ፊትም አዋርጄሻለሁ። አፉ በይኝ ልጄ።»

ሐያት ወደ እግሯ ጣቶች አየች።

«እኔንስ ወደፊት ሊያጣሩኝ ቢመጡ፣ ምን ትያለሽ?»

«እውነቱን እነግራቸዋለሁ።»

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም።»

ቀና ብላ፣ ስፌት እንደምመረምር ዓይኗን ፊቴ ላይ ተክላ አየችኝ።

«እናያለን» አለች።